176ኛ ማለት ምን ማለት ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ልማት ሪፖርት በወጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ዜና ታቀርቡልናላችሁ። «ኢትዮጵያ ከዓለም ይህን ያህልኛ ሆነች» ይላል። ከላይ አይስላንድ፣ ኖርዌይና ስዊዘርላንድ ይጠቀሳሉ። ከታች ሶማሊያና ደቡብ ሱዳን። ዜናው እዚያ ላይ ያልቃል። በማግስቱ አራት ኪሎ ሻይ ቤት ውስጥ ክርክሩ ይጀመራል። አንዱ «አበቃልን» ይላል። ሌላው «ፈረንጅ ያወጣውን ደረጃ ማን ያምናል?» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ቁጥሩ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅ የለም። አይፈረድባቸውም፤ የነገራቸው ሰው የለም። እናንተ ግን ልትነግሯቸው ትችላላችሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ደረጃና ነጥብ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለወላጆች ሳስረዳ ነው የኖርኩት። አንድ ተማሪ አምና ከመቶ 29 አምጥቶ ዘንድሮ 49 ቢያመጣ ትልቅ ለውጥ ነው። የክፍል ጓደኞቹም አብረው ካሻሻሉ ግን ደረጃው ያው 40ኛ ሊሆን ይችላል። ካርዱን ይዞ ቤት ሲገባ አባቱ ቀድሞ የሚያየው ደረጃውን ነው። ልጁ የደከመበት ነገር ሳይታይለት ይቀራል።

የአገራችንም ነገር እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023/24 በወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ ከ193 አገሮች 176ኛ ነበረች። ነጥቧ 0.492 ነበር፤ ሙሉው ነጥብ 1 ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ግን ነጥቧ ከ0.3 በታች ነበር። ያን ጊዜ የሚወለድ ልጅ በአማካይ 50 ዓመት ገደማ ይኖራል ተብሎ ይገመት ነበር። አሁን ግምቱ ከ65 ዓመት በላይ ሆኗል። ይህ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ክትባት አለበት። በእኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቦርሳቸውን አንግበው ቤት ለቤት የዞሩ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም አለበት። «176ኛ» የሚለው ርዕስ የእነዚህን ሴቶች ሥራ ይሸፍነዋል። በሌላ በኩል 0.492 አሁንም ዝቅተኛ ነው፤ ሪፖርቱም የመደበን ከዝቅተኞቹ ጋር ነው። አንባቢ ሁለቱንም አብሮ ሊያውቅ ይገባል።

ሌላም አለ። ሪፖርቱ ራሱ የዘንድሮን ደረጃ ካምናው ሪፖርት ደረጃ ጋር አታወዳድሩ ብሎ ያስጠነቅቃል። መረጃዎቹ በየዓመቱ ወደ ኋላ ተመልሰው ይታረማሉ። ለማወዳደር የሚሆን ሰንጠረዥ እዚያው ሪፖርቱ ውስጥ ለብቻው አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ያለውን ነጥብ በአንድ ዓይነት ስሌት ሠርቶ አስቀምጦታል። ስለዚህ የሁለት ዓመት ሪፖርቶችን ጎን ለጎን አድርጎ «በሦስት ደረጃ ወረድን» ማለት ስሕተት ነው። «በሁለት ደረጃ አደግን» ማለትም እንደዚያው።

መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1990 የጀመሩት ፓኪስታናዊው ኢኮኖሚስት ማህቡብ ኡል ሃቅ ናቸው፤ ህንዳዊው አማርትያ ሴንም አግዘዋቸዋል። ከዚያ በፊት አገሮች የሚነጻጸሩት በአብዛኛው በገቢ ብቻ ነበር። እሳቸው ዕድሜንና ትምህርትን ጨመሩበት። አሁን ውስጡ ያሉት አራት ቁጥሮች ናቸው። አንድ የዕድሜ፣ ሁለት የትምህርት፣ አንድ የገቢ። ዕድሜ፣ ትምህርትና ገቢ የሚጣመሩት ተባዝተው ነው። ስለዚህ አንዱ በጣም ዝቅ ካለ ሌላው በቀላሉ አይሸፍንለትም።

ከአራቱ በጣም የሚያሳስበኝ የትምህርቱ ነው። አንደኛው ቁጥር ዛሬ ትምህርት የሚጀምር ልጅ ስንት ዓመት ይማራል ተብሎ እንደሚጠበቅ ይናገራል። በዚያው በ2023/24ቱ ሪፖርት ለኢትዮጵያ 10 ዓመት ገደማ ነበር። ሁለተኛው 25 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች በአማካይ ስንት ዓመት እንደተማሩ ይናገራል። እሱ ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ አይሞላም። ደረጃችንን ወደ ታች ከሚጎትቱት አንዱ ይሄኛው ነው።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ከዩኔስኮ ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ እንጀራ ስትጋግር ውላ ማታ ማታ ቀበሌ ሄዳ ተማረች። እስክታርፍ ድረስ የመብራቷን ደረሰኝ ራሷ ነበር የምታነበው። የእድሩ ደብተር ላይ በጣቷ ሳይሆን በስሟ ትፈርም ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ድረስ ይህ መለኪያ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ አዋቂዎችን ይቆጥር ነበር። እናቴና ብዙ ሚሊዮን መሰሎቿ እዚያ ውስጥ ነበሩ። በ2010 ስሌቱ ተቀየረና በቦታው በትምህርት ቤት የተቆጠረ ዓመት ገባ። በዚህ ስሌት የማታው ትምህርቷ ዜሮ ነው። ለውጡን አልቃወምም። ሀብታሞቹ አገሮች ፊደል ማስቆጠርን ከጨረሱ ቆይተዋል፤ የድሮው መለኪያ በመካከላቸው ልዩነት ማሳየት አቅቶት ነበር። ግን የእናቶቻችን ጥረት ከቁጥሩ መውጣቱን አንባቢ ይወቅ።

ይህ ቁጥር ቶሎ የማይንቀሳቀስ መሆኑም ይታወቅ። ዛሬ አንድም ሕፃን ሳይቀር ትምህርት ቤት ቢገባ፣ 25 ዓመት እስኪሞላው አማካዩ ውስጥ አይገባም። ትናንት የመማር ዕድል ያላገኘ ሰው ደግሞ በሕይወት እስካለ ይቆጠራል። ስለዚህ ደረጃው የዚህን ዓመት ሥራ ብቻ አይለካም። የግማሽ ምዕተ ዓመት ታሪክ አብሮ ይለካል። ደረጃውን ይዞ አንዱን ባለሥልጣን ማወደስም ሆነ መውቀስ ትክክል የማይመስለኝ ለዚህ ነው።

ስለ ከተሞች ደረጃም አጭር ነገር ልበል። በኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት ዝርዝር ቪየና እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2024 አንደኛ ነበረች፤ በ2025 ኮፐንሃገን ቦታውን ወሰደች። ዝርዝሩ 173 ከተሞችን ይመለከታል። መረጋጋትን፣ ሕክምናን፣ ባህልና አካባቢን፣ ትምህርትንና መሠረተ ልማትን ያያል። የኑሮ ውድነት ግን አይገባበትም። የቤት ኪራይ የለም፣ የጤፍ ዋጋ የለም። እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች አንዱ ዋና ጥቅም ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን ወደ ሌላ አገር ሲልኩ ስንት አበል እንደሚጨምሩላቸው ለመወሰን ነው። ለዚያ ሥራ ጥሩ መሣሪያ ነው። ከሜክሲኮ ተሰልፎ ታክሲ የሚጠብቀውን ሰው ኑሮ ለማወቅ ግን አልተሠራም።

የካዛንቺስንና የፒያሳን አዲስ መንገድ እዩ። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ማታ መብራት አለ፣ ልጅ ይዞ መሄድ ቀሏል። እኔም እሄድበታለሁ፤ ደስ ይለኛል። በየትኛውም የከተማ መለኪያ ነጥብ ያስገኛል። ከዚያው ሠፈር ተነሥተው ከተማው ዳር የገቡ ወዳጆቼ ደግሞ ሥራ ለመድረስ ሌሊት መነሣት ጀምረዋል። ለዓመታት የከፈሉበት እድር ተበትኗል፤ ሐዘን ሲደርስባቸው ድንኳን የሚተክልላቸው ሰው እየተጣራ ነው የሚመጣው። ይህ ኪሳራ የሚጻፍበት ሣጥን አንዱም ሰንጠረዥ ላይ የለም። ስለ ኑሮ ጥራት ስትጽፉ እናንተ ጻፉልን።

የደስታ ደረጃ የሚባለውም አለ። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ተከታትላ አንደኛ የሆነችበት ነው። እሱ በየአገሩ አብዛኛውን ጊዜ 1,000 ገደማ ሰዎችን ይጠይቃል። ሕይወታችሁን ከ0 እስከ 10 በሚደርስ መሰላል ላይ የት ታስቀምጡታላችሁ ይላል፤ ከዚያ የሦስት ዓመት አማካይ ይወሰዳል። ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ነው፤ ክብር ይገባዋል። ከሰብዓዊ ልማት ደረጃው ጋር ግን አንድ ነገር አይደለም። በአንድ ዜና ውስጥ አትቀላቅሏቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ ልምጣ። በግንቦት 1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አራዳ ውስጥ ቆጣሪ ነበርኩ። ብዙ መምህራን ነበርን። መጠይቁን ይዘን ጓዳ ለጓዳ ዞረናል። እናቶችን ስንት ልጅ እንደወለዱ፣ ስንቱ በሕይወት እንዳሉ እንጠይቅ ነበር። የሞተ ልጃቸውን ስም ሲጠሩ ዕንባቸው የሚመጣ ነበሩ። የአገር የዕድሜ ግምት የሚሠራው ከእንዲህ ዓይነት መልስ ነው። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ አሁንም ብዙ ሞት ሳይመዘገብ ያልፋል።

ከዚያ ቆጠራ በኋላ ሌላ ቆጠራ አልተደረገም። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይደረግ ይላል፤ ቀጠሮው ግን ተደጋግሞ ተራዘመ። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ናሙናውን የመረጠው ከዚያው ከ1999ኙ ቆጠራ ዝርዝር ነው። ያኔ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ እንደሆንን ይገመታል። ይገመታል ነው እንጂ ተቆጥረን አይደለም። ዶሮ ማነቂያ አካባቢ በሩን ያንኳኳሁት ቤት ዛሬ አብዛኛው ፈርሷል። ሰዎቹ የት እንደገቡ፣ ልጆቻቸው ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ በወረቀት ላይ የለም። የአንድ ሰው ገቢ የሚባለውም ለሕዝብ ቁጥር ተካፍሎ ነው የሚወጣው። አካፋዩ ግምት ከሆነ ውጤቱም ግምት ነው። ይህን ሒሳብ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

ለእኛ ከደረጃው የሚበልጥ ጥቅም ያለው ሌላ መለኪያም አለ። በአማርኛ ዜና ላይ ብዙ አላየውም። ዘርፈ ብዙ ድህነትን የሚለካው ነው፤ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና የተባበሩት መንግሥታት አብረው ያወጡታል። ቤተሰቡን 10 ነገር ይጠይቃል። በምን ታበስላላችሁ? ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ? መጸዳጃ ቤቱ የራሳችሁ ነው ወይስ የጋራ? የወለሉ ነገር እንዴት ነው? በከሰል ማብሰል እንደ ጉድለት ይቆጠራል። ለብዙ አባወራ የጋራ የሆነ መጸዳጃ ቤትም ይቆጠራል። አራት ኪሎና ጉለሌ በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ይህን ሲያነብ ስለ ራሱ እንደተጻፈ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 መረጃ መሠረት ከ10 ኢትዮጵያውያን 7 ያህሉ በዚህ መለኪያ ድሆች ናቸው። ከ«176ኛ» ይልቅ ይህ ምን እንደሚሠራ ይጠቁማል። አንድ ወረዳ የ0.492 ነጥብን አንሥቶ ምንም ማድረግ አይችልም። የመጸዳጃ ቤት ጉድለትን ግን መሥራት ይችላል።

ስለዚህ ቀጣዩ ሪፖርት ሲወጣ ይህን እለምናችኋለሁ። ደረጃውን አውጡ፤ ከሥሩ ግን አራቱን ቁጥሮች ለየብቻ አስቀምጡልን። ከዚያው ሪፖርት ሰንጠረዥ ላይ የዛሬ 10 ዓመቱን ነጥብ ጨምሩበት። መረጃው የየት ዓመት እንደሆነ ጻፉ። ከዚያም ወደ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ጋዜጠኛ ላኩና ቆጠራው መቼ እንደሚደረግ ጠይቁ። ቀን ከሰጧችሁ ቀኑን፣ ካልሰጧችሁም አለመስጠታቸውን የፊት ገጽ ላይ አውጡት። ሰንጠረዡን በማንበብ የሚያግዝ ሰው ካስፈለጋችሁ፣ እኔና ጡረታ የወጡ ባልደረቦቼ ያለ ክፍያ ቢሯችሁ ድረስ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የሒሳብ መምህር
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ