የምስጋና መልእክት፦ ለቼናይ ቤተሰቦቻችን

እማዬ ከህንዷ ቼናይ ከተማ በሰላም አገሯ ገብታለች። እግዚአብሔር ይመስገን። ታናሽ ወንድሜ የሰጣት ኩላሊት በደንብ እየሠራ ነው። እሱም ተሽሎት ሥራ ጀምሯል። በጸሎትም በገንዘብም ከጎናችን የነበራችሁ፣ እየደወላችሁ ያበረታችሁን ሁሉ ዜናውን ከእኛ እንድትሰሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

የምናመሰግነው ሰው ብዙ ነው። ቀዶ ጥገናውን የሠሩት ሐኪሞች አሉ። ሌሊት እንቅልፍ ያጡላት ነርሶች አሉ። ደም ሲፈለግ ፈተና ላይ ሆነው የመጡ ቼናይ የሚማሩ ልጆቻችን አሉ። ዕድራችን፣ የእማዬ ማኅበርተኞች፣ በየቀኑ የሚደውሉላት የንስሐ አባታችን አሉ። በየቤታችሁ እየዞርን እናመሰግናችኋለን። ዛሬ ግን ብዙዎቻችሁ ስለማታውቋቸው ሰዎች ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ቼናይ ቤት ያከራዩን ባልና ሚስት ናቸው። እንደ ሰፈሩ ሰው ሴትዮዋን አማ፣ ባለቤታቸውን አፓ፣ እናት አባት እንደማለት፣ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ሂንዱዎች ናቸው።

አንዳንዶቻችሁ ያኔ ደውላችሁ «ጣዖት ባለበት ቤት እንዴት ታድራላችሁ?» ብላችሁኛል። ለእኛ አስባችሁ ስለሆነ አልተቀየምኩም። እኛ ኦርቶዶክሶች ነን። ስንሄድም ነበርን፣ ስንመለስም ነን። ግን እዚያ ቤት ያየሁትን ሳልናገር ባልፍ ምስጋናዬ ጎዶሎ ነው።

በዚህ ሕክምና ከቀዶ ጥገናው ይልቅ መጠበቁ ነው የሚረዝመው። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣችው የአካል ንቅለ ተከላ ሕግ አላት። ሰው ኩላሊቱን እንዳይሸጥ በጣም ጥብቅ ነው። ከውጭ የሄደ ታማሚና ለጋሽ ዝምድናቸውን በኤምባሲ ያረጋግጣሉ፤ ከዚያ ፈቃድ ሰጪ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ይጠየቃሉ። ጥሩ ሕግ ነው፣ ይኑር። ግን ወረቀቱ እስኪያልቅ እማዬ ለኩላሊት እጥበት ስትመላለስ ከረመች። ከእጥበት ተመልሳ ደረጃውን መውጣት ሲያቅታት ወንበር ይዘው የሚወርዱት አፓ ነበሩ።

አሁን ስለ ቤቱ ልንገራችሁ። ከወጥ ቤቱ አጠገብ የአምላኮቻቸው ምስሎች ያሉባት፣ ከቁም ሣጥን የማትሰፋ የጸሎት ክፍል አለች። ጋኔሻ አለ፣ የዝሆን ራስ ያለው፤ ማንኛውም ነገር ሲጀመር መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ላክሽሚ አለች። ጦር የያዘው፣ በፒኮክ የሚቀመጠው ሙሩጋን አለ። አማ የሙሩጋን ናቸው። አፓ ደግሞ ሃኑማንን ነው የሚወዱት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምስር የተጠበሰ ቫዳ በክር ሰክተው እንደ አበባ ጉንጉን ያጠልቁለታል። ሰው ልቡ ያደረበትን አምላክ ይመርጣል፣ የሌላውን ግን አይንቅም። አፓ ሁሉም የአንዱ መልኮች ናቸው ይላሉ። አማ እዚህ ክርክር ውስጥ አይገቡም። ለእሳቸው ሙሩጋን ሙሩጋን ነው። ጠዋት እንደ ልጅ ያዋሩታል፣ አንዳንዴም ይቆጡታል። እምነታቸው የእኔ አይደለም። አንድ ቤት ውስጥ ሳይናናቁ መኖራቸውን ግን ወድጄዋለሁ።

ፑጃ የሚሉት ሥርዓት ምን እንደሆነ አማ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። እንግዳ መቀበል ነው። ሙሉው 16 መስተንግዶ አለው። አምላኩን ትጠሪዋለሽ፣ መቀመጫ ትሰጪዋለሽ፣ እግሩን ታጥቢዋለሽ፣ የሚጠጣ ውኃ ታቀርቢለታለሽ፣ ታለብሺዋለሽ፣ ታበይዋለሽ፣ በመጨረሻ ትሸኚዋለሽ። በሥራ ቀን 5 ይበቃል፦ የሰንደል እንጨት ቅባት፣ አበባ፣ ዕጣን፣ መብራትና ምግብ። አማ ባንክ በሚሠሩበት ዘመን አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ይህችን በሩብ ሰዓት ይጨርሷት እንደነበር ነገሩኝ። ሊዘለል ግን አይችልም። ውጭ አገር ያለው ልጃቸው አርብ ማታ በቪዲዮ ይደውልና ስልኩ ከመብራቱ ጎን ይቆማል። እሱም ባለበት ሆኖ እጁን አጣምሮ ይቆያል።

ለአምላክ እግር ውኃ የሚያቀርብ ሰው የእማዬን እግር ሲያጥብ አይከብደውም። እብጠቱ በባሰባት ሰሞን አማ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ይዘው ይመጡ ነበር። እኔ ልቀበላቸው ስል ዓይናቸውን ያፈጡብኛል። እንግዳ መቀበልን ዕለት ዕለት የሚለማመድ ቤት ውስጥ ነው የገባነው።

የምግቡን ነገር ባልናገር ይቆጨኛል። እዚያ ቤት ምግብ መጀመሪያ ለአምላኩ ቀርቦ ነው ቤተሰቡ የሚበላው። ለጣዖት የቀረበ እንደማንበላ እማዬ በፍርሃት ነገረቻቸው። አማ ምንም አልመሰላቸውም። ከማግስቱ ጀምሮ የእኛ በሌላ ድስት ይሠራ ጀመር፣ ወደዚያች ክፍል ሳይገባ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣል። ለእሳቸው ይህ ቀላል እንዳልነበረ በኋላ ነው የገባኝ። ሳይቀርብ የተበላ ምግብ በእሳቸው ቤት አልነበረም።

ጾመ ነቢያት ሲገባ ደግሞ ቅቤና ወተት እንደማልነካ ነገርኳቸው። ሳቃቸው መጣ፣ ከዚያ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ማርጋዢ የሚባለው ቅዱስ ወራቸው በአመዛኙ ከእኛ ታኅሣሥ ጋር ይገጥማል። በዚያ ወር 30 ስንኝ ያለው ጥንታዊ መዝሙር በየጠዋቱ አንድ አንድ እየተባለ ይዘመራል። ሁለተኛው ላይ ልጃገረዶቹ ቅቤ አንበላም፣ ወተት አንጠጣም ብለው ይሳላሉ። አማ ከልጅነታቸው ጀምሮ እየዘመሩት፣ በእውነት ቅቤና ወተት ትቶ የሚጾም ሰው ቤታቸው ሲገባ እኔ የመጀመሪያዋ ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ከሩዝ የሚሠሩት ኢድሊውም ዶሳውም፣ የምስር ወጡ ሳምባርም ለእኔ በዘይት ሆነ።

ጎህ ሳይቀድ አማ ደጃፉን ውኃ ይረጩና ኮላም የሚሉትን የዱቄት ሥዕል ይሥላሉ። የሩዝ ዱቄት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጠር ያደርጋሉ። መጀመሪያ ነጥብ ነጥቡን ይደረድራሉ። ቀጥለው ጎንበስ እንዳሉ መስመሩን በነጥቦቹ ዙሪያ ሳያቋርጡ ያዞሩታል። ዱቄቱ ከጣታቸው ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው፣ አይበተንም። ዛሬ ብዙ ሰው የድንጋይ ዱቄት ይጠቀማል፣ ስቲከር የሚለጥፍም አለ። አማ ጉንዳንና ወፍ ይብላው ብለው ሩዙን አልተዉም። ሐዘን ያለበት ቤት ደጅ ላይ ኮላም አይሣልም። እማዬ ይህን ስለሰማች ጠዋት ጠዋት በመስኮት ታየው ነበር። የገና ዕለት ደጁ ላይ ትልቅ ኮከብ ሥለው ጠበቁን። ለእናንተ በዓል ነው አሉን።

ቀዶ ጥገናው ከገና በኋላ ሆነ። ከሆስፒታል ስትወጣ ነርሷ ረጅም ዝርዝር ሰጠችን። ሰውነት የሌላ ሰው ኩላሊት ሲገባበት እንደ ጠላት ይዋጋዋል። ያንን የሚያቆመው መድኃኒት ደግሞ የበሽታ መከላከያውን ያዳክማል። ስለዚህ ትኩስ አበባ በአጠገቧ አይኑር፣ ጭስ አይኑር፣ አፈር አትንካ ተባልን። አበባና ዕጣን ያለበት ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ የምንገባው። ምን ብዬ እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ዝርዝሩን ለአፓ ሰጠኋቸው። አፓ ጮክ ብለው አነበቡት። አማ ሰምተው ጨረሱና ተነሡ። ጃስሚኑንና አደይ የሚመስለውን ቢጫ አበባ አወጡት። ዕጣኑንና ካምፎሩን ሰገነት ላይ አደረጉት። ውስጥ የቀረችው በሰሊጥ ዘይት የምትበራ ትንሽ መብራት ብቻ ናት። ሙሩጋን ይቀየምዎት ይሆን ብዬ ጠየቅኳቸው። እንግዳ ሲታመም የማይገባው ምን ዓይነት አምላክ ነው አሉኝ።

ያች መብራት ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ትበራለች። እማዬ ሰውነቷ ኩላሊቱን እንዳይዋጋ የምትወስደው ታክሮሊመስም በ12 ሰዓት ልዩነት የሚዋጥ፣ ሰዓቱ የማይዛነፍ መድኃኒት ነው። እኛም ሰዓቱን ከመብራቱ ጋር አደረግነው። አማ መብራቱን አብርተው በራችንን ሁለቴ ያንኳኳሉ። እማዬ በስመ አብ ብላ ትውጣለች። አንድም ቀን አላለፈንም። ክትትሉን የያዙት ሐኪም በደሟ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ምን ያህል የተስተካከለ እንደሆነ ሲያዩ እንዴት አደረጋችሁት ብለውናል።

እማዬ መውጣት ስትችል አፓ ማስክ አስደርገው በኦቶ፣ እኛ ባጃጅ በምንለው፣ ሳንቶሜ ወሰዱን። በትውፊት የሐዋርያው ቶማስ መቃብር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ነው። እማዬ ቶማስ ህንድ ሄዶ መስበኩን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ነው ያደገችው። በሩ ላይ እሷ ጫማዋን ስታወልቅ አፓም አወለቁ። ከኋላ እጃቸውን አጣምረው እስክትጨርስ ቆሙ።

አማ፣ አፓ፣ ይህን አንድ ተማሪ እንደሚያነብላችሁ ቃል ገብቶልኛል። የመጨረሻውን ወር ኪራይ አንቀበልም ያላችሁትን እማዬ እስካሁን ታወራዋለች። እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈል። ልጃችሁን በደስታ ያገናኛችሁ። አዲስ አበባ ቤት አላችሁ፤ ስትመጡ የእናንተ ምግብ ሥጋ ባልነካው በአዲስ ድስት ይሠራል፣ እማዬ ድስቱን ገዝታ አስቀምጣለች።

ለዚሁ ሕክምና ቼናይ የምትሄዱ ወገኖች ካላችሁ ጻፉልኝ። የሰነዱን ቅደም ተከተል፣ ምን ከአገር ቤት ተረጋግጦ መሄድ እንዳለበት፣ ሆስፒታሉ አካባቢ ቤት እንዴት እንደሚገኝ የምናውቀውን ሁሉ እንነግራችኋለን። አማም ክፍሏ ባዶ ስትሆን ንገሪኝ ብለውኛል፤ ለታማሚ ነው የሚያከራዩት።