ሂዝ ፍሪቲለሪን በኦገስት፣ ሜዳ ላይ አትፈልጓት

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በእንግሊዝ አገር ለቤተሰብ ሽርሽር የሚሆኑ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራዎችን ባስተዋወቃችሁበት ጽሑፍ፣ ሂዝ ፍሪቲለሪ የተባለችውን ብርቅ ቢራቢሮ በኦገስት፣ በሂዝ ሜዳዎች ላይ፣ ልጆችን መረብ አስይዛችሁ ፈልጓት ብላችኋል። ጽሑፉ በጠቅላላው ጥሩ ነው፤ ይህቺ አንዲት ምክር ግን በወሩም፣ በቦታውም፣ በመረቡም ተሳስታለች።

ስሟ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሂዝ የሚባለው አፈሩ የሳሳ፣ እንደ አገራችን አስታ ያሉ ቁጥቋጦዎች አጠር ብለው የሸፈኑት ሜዳ ነው፤ ከቁጥቋጦዎቹ አንዳንዶቹ እንዲያውም ከአስታ ጋር የአንድ ወገን ናቸው። ቢራቢሮዋ ግን በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንት፣ የምትኖረው ጫካ ውስጥ፣ ያውም ዛፍ በቅርቡ በተቆረጠበት ገላጣ ነው። ዋና መገኛዋ ካንተርበሪ አጠገብ ያለው የብሊን ጫካ ነው። እዚያ የቼስትነት ዛፍ በየተራ ይቆረጥና ልክ እንደ ባህር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ዛፉ ሲነሣ ፀሐይ መሬት ትነካለች፤ ያኔ ካው ዊት የምትባል ተክል ትበዛለች፤ የቢራቢሮዋ አባጨጓሬ እዚያ የሚበላው እሷን ነው። ቡቃያው ቁመት አውጥቶ መሬቱን ሲያጠላው ተክሏ ትመነምናለች፣ ቢራቢሮዋም ትለቃለች። እንጨት ቆራጩን እግር በእግር ስለምትከተል እንግሊዞች በዚሁ የቅጽል ስም አውጥተውላት ነበር።

ስለዚህ ከጥቂት ዓመት በፊት የተነሣ ፎቶ አይታችሁ ያንኑ ገላጣ ፈልጋችሁ ብትሄዱ ባዶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ጠፋች ብላችሁ አትመለሱ፤ በመንገዱ ላይ ቀጥሉና ቀጣዩን አዲስ ቁርጥ እዩ። ሩቅ የምትበር አይደለችም፤ የካው ዊትን ዘር የሚያጓጉዙትም ጉንዳኖች በመሆናቸው ተክሏ ራሷ ቀስ ብላ ነው የምትስፋፋው። አዲሱ ገላጣ ከአሮጌው ጋር ካልተጎራበተ ሁለቱም አይሻገሩም። የጥብቅ ሥፍራዎቹ ሠራተኞች ቆረጣውን በተርታ የሚያስኬዱትና በጫካው ውስጥ ሰፋፊ መንገዶችን ክፍት የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ዛፍ ሲቆረጥ ያየ ጎብኚ ጥፋት መስሎት ሲቆጣ ይሰማል፤ እዚህ ጫካ ግን ቆረጣው ቢቆም ቢራቢሮዋም አትኖርም።

እንግዲህ መጀመሪያ ተክሏን ፈልጉ። ቁመቷ ከጉልበት በታች ነው፤ አበባዋ ፈዛዛ ቢጫ፣ ቱቦ መሳይ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ወደ አንድ ጎን የዞረ። እሷ በበዛችበት ፀሐያማ ቦታ ቆማችሁ ከጉልበት በታች ያለውን አየር ተመልከቱ። ቢራቢሮዋ ክንፏን ቶሎ ቶሎ ታማታና ዘርግታው ትንሽ ትንሳፈፋለች። ክንፏ ሲዘረጋ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ላዩ ጠቆር ባለ ቡናማና በብርቱካናማ እንደ ዳማ ገበታ ተከፋፍሏል።

እናንተን ያሳሳታችሁ ምናልባት በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለው የኤክስሙር ደጋ ሳይሆን አይቀርም። እዚያ፣ ለምሳሌ በሃደን ሂል፣ በእርግጥም ሂዝ ላይ ትገኛለች፤ ግን ነፋስ በማይደርስባቸው ሸለቆዎች ዳገት፣ ካው ዊት ከቢልቤሪ ቁጥቋጦ ጋር ተደባልቃ በምትበቅልበት ነው እንጂ አናቱ ላይ ባለው ሜዳ አይደለም። በዚያው በደቡብ ምዕራብ፣ በዴቨንና በኮርንዎል አውራጃዎች ደግሞ አባጨጓሬዎቿ ጎርጠብ ይበላሉ፤ በአገራችን አሽተው ቁስል ላይ የሚያደርጉት ያው ጎርጠብ ነው።

ወሩን በተመለከተ፣ በኬንት ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ትበራለች፤ የጁን አጋማሽ ከሁሉም ይሻላል። በኦገስት ጫካ ውስጥ ትልቅ ብርቱካናማ ቢራቢሮ ካያችሁ ሲልቨር ዎሽድ ፍሪቲለሪ የምትባል የሂዝ ፍሪቲለሪ ዘመድ ናት፤ ክንፏ ከ7 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። የክንፉ ጠርዝ የተቦጫጨቀ ከመሰለ ደግሞ ኮማ የምትባል ቢራቢሮ ናት፤ እሷ ከነጭራሹ ከፍሪቲለሪዎች ወገን አይደለችም።

ለሰዓቱ ከ1976 ጀምሮ የአገሪቱ ቢራቢሮ ቆጣሪዎች የሚሠሩበትን ደንብ መከተል ይበቃል፦ በእንግሊዝ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 10:45 እስከ ከሰዓት 3:45፤ ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ በታች ከሆነ አይቆጠርም፤ ከ13 እስከ 17 ከሆነ ቢያንስ 60 በመቶው ጊዜ ፀሐይ መኖር አለበት፤ ከ17 በላይ ከሆነ ዝናብ ወይም ኃይለኛ ነፋስ እስከሌለ ድረስ ደመናም ቢሆን ይቆጠራል። ዳመናማ ቀን ላይ ክንፏን አጥፋ ሣር ጫፍ ላይ ስለምታርፍ መራመድ ትታችሁ በዓይን ፈልጉ።

በጁላይ ብቻ መሄድ የሚችል ሰው ሌላዋን ብርቅ ቢራቢሮ፣ ሃይ ብራውን ፍሪቲለሪን መሞከር ይችላል። እሷ ብራክን የተባለ፣ አበባ የሌለው ቅጠላማ ተክል በለበሰ ፀሐያማ ዳገት ላይ ትበራለች፤ በኤክስሙር የሄደን ሸለቆ፣ በሰሜን እንግሊዝ ደግሞ አርንሳይድ ኖት የተባለው ኮረብታ ይታወቁባታል። ችግሩ ዳርክ ግሪን ፍሪቲለሪ እዚያው አብራት መብረሯ ነው፤ ከላይ ሲታዩ አይለዩም። ክንፏን እስክታጥፍ ጠብቁና በጎን ፎቶ አንሡ። በኋላ ክንፏ ውስጠኛ ገጽ፣ በብርማ ነጠብጣቦቹና በጠርዙ መካከል፣ መሃላቸው ብር የመሰለ ዝገትማ ክቦች ከተደረደሩ ሃይ ብራውን ናት። ክቦቹ ከሌሉና አረንጓዴ ከነሰነሰበት ዳርክ ግሪን ናት። ጥላችሁ ካረፈባት ትነሣለች፤ ፀሐይን ፊት ለፊት ወይም በጎን አድርጋችሁ፣ ዝቅ ብላችሁ ቅረቡ። ብራክን ውስጥ መዥገር አይጠፋም፣ የሱሪያችሁን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ክተቱ።

መረቡ ከሁሉም የከፋው ነው። ሂዝ፣ ሃይ ብራውንና ማርሽ ፍሪቲለሪ በ1981ዱ የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ ሙሉ ጥበቃ አላቸው፤ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ያስጠይቃል፣ ልጅ ለጨዋታ ነው ቢባልም። ከመንገድ ወጥቶ ገላጣው ውስጥ መግባትም አይገባም፤ የሂዝ ፍሪቲለሪ አባጨጓሬ የብርዱን ወቅት የሚያሳልፈው በተጠቀለለ ደረቅ ቅጠል ውስጥ ስለሆነ በጃንዋሪም ቢሆን እግራችሁ ሥር ሊሆን ይችላል። 2 ሜትር ላይ ያለ ነገር አጥርቶ የሚያሳይ ባይኖኩላር ለልጅ ከመረብ ይሻላል።

ማረሚያውን ከሜይ በፊት ብታወጡት፣ ጽሑፋችሁን አንብቦ ለኦገስት ቀጠሮ የያዘ ቤተሰብ ቀኑን ሊቀይር ይችላል። ከለንደን ሴንት ፓንክራስ እስከ ካንተርበሪ ዌስት በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው።

አክባሪያችሁ
አንባቢያችሁ ከኬንት