በጥቅምት የሚሸነፉት ወኔ አጥተው አይደለም

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፤

የትናንሽ ኮሌጆች የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች ጥቅምት ላይ መሸነፋቸውን «ወኔ ማጣት» ማለታችሁ አልተዋጠልንም። እነዚህ ኮሌጆች በሚወዳደሩበት የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ሦስተኛ እርከን፣ በዲቪዚዮን 3፣ የስፖርት ስኮላርሺፕ የለም፤ መደበኛው ውድድር ግን 10 ጨዋታ ነው። የተጫዋቾች ጉዳት ሲደራረብ ቀድሞ የሚታየው በአጥቂው መስመር፣ ማለትም ከፊት ቆመው ኳስ የያዘውን ጓደኛቸውን በሚከልሉት አምስት ሰዎች ላይ ነው። ሴንተሩ (ኳሷን ወደ ኋላ ልኮ ጨዋታ የሚያስጀምረው የመሃል ሰው) ቁርጭምጭሚቱን ከታመመ ከጎኑ የሚሰለፈው ጋርድ ወደ መሃል ይገባል። ኳሷን በእግሮቹ መካከል አምስት ያርድ ያህል ወደ ኋላ መላክ ያልለመደ ሰው ደግሞ ከፍ አድርጎ ይለቃታል። ኳሷን ተቀብሎ ለጓደኞቹ የሚወረውረው ኳርተርባክ ዓይኑን ከተከላካዮቹ ነቅሎ ኳሷን ሲያሳድድ የቅብብሉ ሰዓት ያልፋል። ሰው የሚያየው የተጠለፈውን ኳስ ነው፤ ወቀሳውም ለኳርተርባኩ ይሆናል!

መላው ከነሐሴ ይጀምራል፦ ሁለት ጋርዶች ከየልምምዱ በፊት 25 ጊዜ ያህል እንደ ሴንተር ኳስ ወደ ኋላ ይልቀቁ፣ ኳሷን ውኃ ነክረውም ጭምር። የልምምድ ግጭትም ይቀነስ። የሚኒሶታው ሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ አሰልጣኝ ጆን ጋላርዲ በልምምድ ላይ ጠልፎ መጣልን ከልክለው ነው በሥራ ዘመናቸው 489 ጨዋታ ያሸነፉት።

ከውጤቱ ጎን በየሳምንቱ የተሰለፉትን አምስቱን የመስመር ሰዎች ብታትሙልን መልካም ነው።

ከፉትቦል ተከታታዮች