ለወዳጄ፣ ስለ አሸዋው

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትህ? ጤናህ እንዴት ነው? ልጆችህስ? ሐዋሳ ተስማምታሃለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የኅዳር ብርድ ጉልበቴን ትንሽ ይይዘኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

ስድስት ዓመት ሙሉ አልጻፍኩልህም። ባለቤትህ ባረፈች ጊዜ ለለቅሶ አልመጣሁም፤ ለአርባዋም አልደረስኩም። ምክንያት ልደረድርልህ እችል ነበር፤ ግን አንዱም አንተ ፊት የሚቆም አይደለም። መምጣት ነበረብኝ፣ አልመጣሁም። ከዚያ በኋላ ልደውልልህ ስልኩን ባነሣሁ ቁጥር ኀፍረት እየያዘኝ መልሼ አስቀመጥኩት። ወር ወርን ወለደ፣ ዓመትም ሆነ። እርሷ ቤታችሁ በመጣሁ ቁጥር ገና ደጃፍ ላይ ሳለሁ ቡናውን የምታቀርብ ሰው ነበረች፤ አልረሳሁም። ይቅር በለኝ። ስንገናኝም እጅህን ይዤ በአፌ እጠይቅሃለሁ።

ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ አሸዋ ነው። ከምጽዋ ባሕር ኃይል ለዓመት ፈቃድ የመጣህበት ጊዜ ትዝ ይልሃል? በሬሳ ወንዝ ዳር ተቀምጠን ስለ ዳህላክ ስትነግረኝ፣ እኔ ስለ ዓሣዎቹ ስጠይቅህ አንተ ስለ አሸዋው ነበር የምትመልስልኝ። «ነጭ ነው፤ እንደ ዱቄት የላመ ሳይሆን እንደ ቅንጬ ነው። ቆመህ ስታየው ባዶ ይመስላል፤ ጎንበስ ብለህ ስታየው ግን ሁሉም ይንቀሳቀሳል» አልከኝ። እኔ ያንን ይዤ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተማርኩ። ኮራልን፣ ያንን አጽሙ ድንጋይ የሚሆነውን የባሕር እንስሳ፣ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ነው ያስተማርኩት። ባሕር ግን እስከ ዛሬ አይቼ አላውቅም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በሳሎኔ ጥግ የባሕር ውኃ አኳሪየም፣ ማለትም ኮራልና ዓሣ የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ፣ ለመሥራት ቆረጥኩ። መስታወቱን እዚሁ አስቆረጥኩ፤ ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 45፣ ቁመቱም 45 ሴንቲ ሜትር ነው። ጢም ብሎ ቢሞላ 182 ሊትር ይይዛል። ውኃው፣ አሸዋውና ድንጋዩ ሲደመሩ ከሁለት ኩንታል በላይ ስለሚመዝኑ መቆሚያውን ብረት በያጅ አሠራሁት። ይህ ሁሉ ቀላሉ ሥራ ነበር። ወራት የፈጀብኝ አሸዋው ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት የአገር አሸዋ ነበር። ከሸዋ ሮቢት በኩል ለግንባታ ከሚመጣው የወንዝ አሸዋ አንድ ጣሳ ወሰድኩ። አጥቤ፣ በፀሐይ አድርቄ፣ በነጭ ሳህን ላይ ዘረጋሁትና አቼቶ ጠብ አደረግኩበት። ምንም የለም፤ ዝም። ኮራል ከሚሠራበት ከካልሲየም ካርቦኔት የሆነ አሸዋ ቢሆን ኖሮ አረፋ ያወጣ ነበር። ቀጥዬ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የነቀልኩትን ማግኔት በወረቀት ጠቅልዬ በላዩ አሳለፍኩት። ጥቁሩ ብናኝ ተነሥቶ ከወረቀቱ ሥር እንደ ጢም ተንዠረገገ። ደጋው በአብዛኛው ባሳልት የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ተፈጭቶ ወንዝ ሲገባ በውስጡ ያለው ብረት አዘል ማዕድን አብሮ ይወርዳል። እንዲህ ያለው ብናኝ ገንዳ ውስጥ ከገባ ሄዶ የፓምፑ ማግኔት ላይ ይለጠፋል፤ የቀረውም ጠንካራ አሸዋ መስታወት ይቧጭራል። ለቤት ግድግዳ ግሩም ነው፤ ለኮራል ግን አይሆንም።

በዚያው ሰሞን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከለሚ በኩል፣ ከጀማ ሸለቆ፣ የኖራ ድንጋይ ስባሪ አመጣልኝ። ጠርዙን በመዶሻ አደቀቅኩና በዱቄቱ ላይ ያንኑ አቼቶ ጠብ አደረግኩበት። ነጭ አረፋ እየተንተከተከ ወጣ። ወንድሜ፣ ለብዙ ደቂቃ ከዚያ ሳህን ላይ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። በጀማና በዓባይ ሸለቆዎች የተጋለጠው ያ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ይህንን አገር ሸፍኖ በነበረ ጥልቀት የሌለው ባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ ነው። ከባሕር እንስሳት ቅርፊት፣ ከደለልና ከኖራ የተጋገረ ነው። ለዓመታት ለተማሪዎቼ ከመጽሐፍ አንብቤላቸዋለሁ፤ በእጄ ይዤ አረፋውን ስሰማው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። አንተ ምጽዋ ድረስ ወርደህ ያየኸው ዓይነት አሸዋ አንድ ዘመን እኛው እግር ሥር ነበር።

ያም ሆኖ የጀማውን ድንጋይ ፈጭቼ አላነጠፍኩትም። ከጭቃ ጋር የተጋገረ ስለሆነ ምን እንደሚለቅ ሳላውቅ ለሕይወት ያለው ፍጥረት ወለል ማድረግ አልፈለግኩም። ደግሞም በዘመናት ብዛት ወደ ካልሳይት ተለውጧል። ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከአራጎናይት ነው፤ ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፣ ልዩነታቸው በክሪስታሉ አደራደር ነው። አራጎናይት በአሸዋው ውስጥ ያለው ውኃ ትንሽ አሲድነት ሲያገኝ ቀድሞ ይሟሟል፤ ካልሲየሙንና ካርቦኔቱንም ለውኃው ይመልሳል። አሸዋው ብቻ ለኮራሎቹ ይበቃቸዋል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። ኮራል ማደግ ሲጀምር ከአሸዋው ከሚሟሟው በላይ ይፈልጋል። የሚሰጠው ግን ትንሽም ቢሆን ደግ ነው።

ስለዚህ ከዱባይ በሚመላለስ ዘመድ በኩል ደረቅ የአራጎናይት አሸዋ አስመጣሁ። ከባሕር ዳር ዝም ብሎ የተዛቀ እንዳይሆን አጥብቄ ነግሬው ነበር፤ ባዶ ይመስላል የተባለው አሸዋ የስንቱ ቤት እንደሆነ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ከዚህ አሸዋ የተወሰነው ዓሣ የፈጨው ሊሆን እንደሚችል ታውቃለህ? በአፉ ቅርጽ የተነሣ በበቀቀን ስም የሚጠራው ዓሣ የኮራሉን ድንጋይ እየጋጠ፣ አልጌውን አጣጥሞ፣ የቀረውን አሸዋ አድርጎ ይጥለዋል። ትልልቆቹ በዓመት በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ያወጣሉ። ከነጭ የባሕር ዳርቻዎች ብዙዎቹ የእነዚህ ዓሣዎች የእጅ ሥራ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

የመረጥኩት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ነው፤ ያ አንተ ቅንጬ ያልከው መሆኑ ነው። ከዚያ የላመው ፓምፕ ሲነፍስበት እንደ አቧራ ይነሣል። የተሰባበረ ኮራል የሚባለው ሻካራው ደግሞ በመካከሉ የምግብ ትራፊ ስለሚሰገሰግበት ቆሻሻ ያጠራቅማል። ውፍረቱን 4 ሴንቲ ሜትር አደረግኩት። 90 በ45 በ4 ስታባዛው 16 ሊትር ገደማ ይመጣል፤ አንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ስለሚመዝን 24 ኪሎ በቃኝ። ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚያነጥፉ አሉ። ከታች ኦክስጅን በማይደርስበት ንብርብር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በውኃው የሚጠራቀመውን ናይትሬት ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ስለሚለውጡላቸው ነው። እውነት ነው፤ ግን እንዲህ ያለው ወለል ካረጀ በኋላ ከተነካካ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የእኛ ከተማ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳር ከሚይዘው ከሩብ በላይ ያንሳል። በዚህ ላይ ጥልቅ አሸዋ መጨመር አልደፈርኩም። ፓምፑንም ወደ ላይ አቅንቼ የውኃው ገጽ ሌት ተቀን እንዲናጥ አድርጌዋለሁ።

አሁን ወደ እጥበቱ ልምጣ። እናቴ ለጠላ ገብስ ስታጥብ አይተሃታል፤ እንደዚያ ነው። አምስት ኪሎ እየለየሁ ባልዲ ውስጥ ጨመርኩ፤ ውኃ ሞላሁበት፤ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ከሥር ወደ ላይ አማሰልኩት። ውኃው ወተት ሆነ። ደፋሁ፣ ሞላሁ፣ አማሰልኩ፣ ደፋሁ። የመጀመሪያው ባልዲ 14 ጊዜ ታጠበ። የኅዳር የጠዋት ውኃ እንዴት እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም፤ ጣቶቼ ደንዝዘው አሸዋውን መለየት ሲያቅታቸው በብብቴ እያሞቅኩ ቀጠልኩ። ጨው ስላልነካው ወተቱን የጎመን መደቤ ላይ አፈሰስኩት። በመጨረሻ ውኃው ከላይ ሲታይ ከባልዲው ሥር ያለው እያንዳንዱ ቅንጣት እስኪቆጠር ድረስ ጠራ። ያን ጊዜ የቧንቧው ውኃ እንዳይቀርበት በተጣራ ውኃ አንድ ጊዜ አለቀለቅኩት። ይህንን ያላጠበ ሰው ለቀናት ጭጋግ ያያል፤ ዱቄቱም ዛሬ በድንጋዩ ላይ፣ ነገ በኮራሉ አፍ ላይ ይተኛል። በከረጢት እንደ እርጥብ የሚሸጠው ሕይወት ያለበት አሸዋ ግን አይታጠብም፤ ሲታጠብ ባክቴሪያዎቹ አብረው ይሄዳሉና።

ድንጋዮቹን ከአሸዋው በፊት በቀጥታ ወለሉ ላይ አስቀመጥኳቸው። በአሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ሥሩን ሲምስ ይወድቃል፤ ሲወድቅም መስታወት ይሰብራል። አሸዋውን ዙሪያቸውን በኩባያ እያደረግኩ አፈሰስኩ። ጨዉን በበርሜል ለብቻው በሊትር 35 ግራም በጥብጬ አንድ ሌሊት በፓምፕ ሲዞር አደረ፤ ጠዋት ክብደቱን ከንጹሕ ውኃ ጋር አነጻጽሬ ስለካው 1.025 አለኝ። ቀይ ባሕር ከዚህም በላይ ጨዋማ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በሰሜኑ ጫፍ በሊትር 40 ግራም ያልፋል። የሚመጡት ኮራሎች ግን ከሌላ ባሕር ስለሆኑ በ35 ጸናሁ። ከዚያ ሳህን በአሸዋው ላይ አኖርኩና ውኃውን በሳህኑ ላይ በቀስታ አፈሰስኩ። ያም ሆኖ ደፈረሰ። ሳይደፈርስ አይጠራም ብዬ መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ። ንጋት ላይ ስነሣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ድረስ ይታይ ነበር፤ አሸዋው እንዳልከው ነው፣ ነጭ፣ ባዶ የሚመስል።

ከትናንት በስቲያ ኅዳር ሲታጠን የሰፈሩ ጭስ ቤት እንዳይገባ በሩን ዘግቼ ገንዳውን በዝተት ሸፈንኩት። ዝተቱ ለሌሊቱም ይረዳኛል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ መሆን አለበት፤ መብራት ሲጠፋ ውርጩ በመስታወቱ እንዳይገባ በእርሱ እጠቀልለዋለሁ።

አዲስ አበባ አንድ ሰው ለዓመታት የቆየ ገንዳ አለው። ከአሸዋው አንድ ኩባያ ለመነሁት፤ በጠርሙስ አድርጎ ሰጠኝ። በጋቢ ጠቅልዬ፣ በጭኔ ላይ አስቀምጬ 130 ኪሎ ሜትሩን መጣሁ። እርሾ ማለት ነው። በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ከቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ በእያንዳንዱ የአሸዋ ቅንጣት ላይ ቤት እስኪሠሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። እስከዚያ ምንም ፍጥረት አላስገባም። ቡናማ ሽፋን በአሸዋው ላይ ይወጣል፤ ዳያቶም የሚባል በዓይን የማይታይ ደቂቅ የውኃ ፍጥረት ነው፣ ራሱ ይለቃል። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሲሆኑ የመጀመሪያዎቹን ቀንድ አውጣዎች አስገባለሁ።

ስሌቴ ትክክል ከሆነ ለጥምቀት ይደርሳል። ና። ታቦት ሸኝተን፣ ቤት ገብተን፣ ከገንዳው ፊት እንድትቀመጥ እፈልጋለሁ። እኔ ያነጠፍኩት ከመጽሐፍና ከአንተ ወሬ ነው፤ ያንን አሸዋ በዓይኑ ያየው አንተ ብቻ ነህ። በጉ ከእኔ ነው፤ መኝታህ እንደ ድሮው በመስኮቱ በኩል ነው። ስልክ ቁጥሬ አልተለወጠም።

ያኔ ከምጽዋ ያመጣህልኝ ዛጎል እስከ ዛሬ አለ። በተጣራ ውኃ አጥቤ በአሸዋው ላይ አኖርኩት፤ በግራ በኩል፣ ከትልቁ ድንጋይ አጠገብ፣ አፉ ወደ ታች። ቦታው ትክክል ካልሆነ አንተ ስትመጣ ታነሣዋለህ።

የማይረሳህ ወንድምህ