ደብዳቤ ለልጄ፦ ከክርክር አትጀምር

የኔ ጌታ፣ እንዴት ሰነበትክ?

እህትህ ትናንት ማታ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። ሁለት ወር የደከምክበት የወጣቶች ስብሰባ በጭቅጭቅ ተበተነ አለችኝ። አንዷ ልጅ እያለቀሰች ወጣች፤ ቪዲዮውም በቴሌግራም እየዞረ ነው። ካንተ አፍ ብሰማው ይሻለኝ ነበር።

የሁለት እምነት ልጆችን አንድ ክፍል ሰብስበህ «የማን ነው ትክክል?» ብለህ ታስጀምራለህ? ልጄ፣ ከክርክር አትጀምር። ወጣት በጓደኞቹ ፊት እምነቱን ሲነኩበት የሚያዳምጠው መልስ ለመስጠት ነው። ስልክ ሲቀርጸው ደግሞ ይብሳል። ያኔ ከፊቱ የተቀመጠውን ልጅ ይረሳና ቪዲዮውን ለሚያዩለት ወገኖቹ ያወራል።

ጎርደን ኦልፖርት የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1954 ስለዚህ ጽፏል። ሰዎች ስለተገናኙ ብቻ ጥላቻ አይቀንስም ይላል። በእኩልነት ሲቀመጡ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ለዚያ ግብ ተጋግዘው ሲሠሩ፣ የሚያከብሯቸው ትልልቆችም ሲደግፏቸው ነው የሚቀንሰው። እስቲ የቅዳሜውን ስብሰባህን በዚህ መዝነው። አስተባባሪዎቹ በሙሉ የእኛ ልጆች ነበሩ አሉ። ታዲያ እነዚያ በእንግድነት መጥተው እንዴት ደፍረው ይናገሩ?

ያችን ከእነዚያ እምነት የሆነችውን የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ታውቃታለህ፣ ፎቶዋን አይተሃል። ያልነገርኩህ ግን አለ። ያ ክፉ ወሬ ተናፍሶ ሰው ሁሉ በየጎራው የገባ ጊዜ እናቷ ታመው ተኙ። እኔን እንደ ልጃቸው ያዩኝ የነበሩ ሴት ናቸው። ሁለት ጊዜ ልጠይቃቸው ወጥቼ ከመንገድ ተመለስኩ። የኛ ሰዎች ቢያዩኝስ ብዬ። ማንም እኮ አትሂጂ አላለኝም! ለሦስተኛ ጊዜ ሳልሞክር ሞቱ። ጓደኛዬ አልወቀሰችኝም። ሰላምታዋ ግን ከዚያ በኋላ ለማንም የምትሰጠው ሰላምታ ሆነ። ሠላሳ ዓመት አለፈው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለዚህ ነው ስለ ካዱናዎቹ ሰዎች ሳነብ ያለቀስኩት። ናይጄሪያ ውስጥ ካዱና በምትባል ከተማ ፓስተር ጄምስ ዉዬ እና ኢማም ሙሐመድ አሻፋ በተቃራኒ ወገን የተሰለፉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1992ቱ ግጭት ፓስተሩ ቀኝ እጁን አጣ። ኢማሙም መምህሩና ሁለት ዘመዶቹ ተገደሉበት። ሁለቱም በቀል ሲያስቡ ኖሩ። በ1995 ከተገናኙ በኋላም ጥርጣሬው ቶሎ አልለቀቃቸውም። የፓስተሩ እናት ሲታመሙ ግን ኢማሙ ሊጠይቃቸው ሄደ። እኔ ያልሄድኩበትን መንገድ እሱ ሄደ። በኋላ አብረው የሽምግልና ማዕከል መሠረቱ። ሁለቱም ከእምነታቸው ፍንክች አላሉም፤ ይሄንን ለሚሰጉ ወላጆች ንገራቸው።

እና እባክህ፣ ከክርክር አትጀምር። ሥራ ስጣቸው። ታናናሾቻቸውን አብረው ያስጠኑ። ከየወገኑ አንድ አንድ አስተባባሪ ይኑር። ቀን ከመቁረጥህ በፊት የሁሉንም የጸሎት ሰዓትና የጾም ጊዜ ጠይቅ። ስልካቸውን መግቢያው ላይ ያስቀምጡ። ልዩነታችሁን ደብቁ ማለቴ አይደለም። ከባዱም ጥያቄ ጊዜው ሲደርስ ይመጣል። ያን ጊዜ «እናንተ ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ?» ከሚሉ «አንተ ስትጸልይ ምን ይሰማሃል?» ብለው ይጠያየቁ። አንድ ልጅ የሃይማኖቱን ሁሉ መልስ እንዲሸከም አታድርግ፤ ስለ ራሱ ይናገር።

ደግሞ በደንብ ብላ። ድምፅህ ሰልሏል አለችኝ እህትህ። ቻርጀርህን ሶፋው ሥር አግኝቼዋለሁ፣ በእሷ እልክልሃለሁ። ቪዲዮውን የለጠፈውን ልጅ አጥፋው በለው፤ በሰው ፊት ግን እንዳትቆጣው።

ለዚያች ላለቀሰችው ልጅ ዛሬውኑ ደውልላት። በጽሑፍ እንዳይሆን፣ ድምፅህን ትስማ። ማስረዳት ውስጥ አትግባ። ይቅርታ ጠይቃትና ዝም ብለህ አዳምጣት።

እናትህ