ግጥም የሚሰጥ ሰው አይጠፋም

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ገለል ብሏል። ሥራዬም ያው ነው፤ አረጋውያኑን ሳነሣ፣ ሳለብስ፣ ሳበላ እውላለሁ።

እማዬ እንደነገረችኝ ለእህቴ ሰርግ «ቀኝ እጄ ከብዶኛል፣ ግጥሙም ይጠፋብኛል፤ ክራር ይዤ ሰው ፊት አልቀመጥም» ብለዋል አሉ። በስልክ ባነሣብዎ «እስቲ ተይኝ» ብለው ስልኩን ለእማዬ እንደሚያቀብሉ ስለማውቅ ነው በደብዳቤ የመጣሁት። ይህን እንኳ ሳይጨርሱ አያስቀምጡትም።

እስቲ የአንዲት ዘፋኝ ነገር ላጫውትዎ። እኔ ያለሁባት ሃልምስታድ በስዊድን ምዕራብ ዳርቻ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት። ሮክሴት የሚባለው ቡድን የወጣው ከዚህ ነው። ስሙን ባያውቁትም ዘፈኑን ያውቁታል፤ ወንድሜ ካሴቱን እያጠነጠነ ቀኑን ሙሉ ሲያስጮኸው «ዝጋልኝ ይኼን!» እያሉ የተቆጡበት ነው። የቡድኑ ዘፋኝ ሴቲቱ ማሪ ፍሬድሪክሰን ትባላለች። የተወለደችው በ1958 በደቡብ ስዊድን ገጠር ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልዎ)። አባቷ ፖስታ አዳይ ነበሩ፤ ቤተሰቡ እርሻውን አጥቶ በችግር ያደገ ነው። ሰባት ዓመቷ ላይ ታላቅ እህቷን የመኪና አደጋ ወሰደባት።

ሙዚቃ ተምራ ወደ ሃልምስታድ መጣችና ከፔር ዬስለ ጋር ተዋወቀች። እሱ ያኔ በሌላ ቡድን አገር ያወቀው ነበር። እሷም በ1984 የራሷን አልበም በስዊድንኛ አወጣች። በ1986 ተጣምረው በእንግሊዝኛ መዝፈን ጀመሩ። አሜሪካ የገቡበት መንገድ ግን የሚገርም ነው። የአሜሪካው አሳታሚ ሥራቸውን ለእኛ ገበያ አይሆንም ብሎ መልሶት ነበር። ስዊድን ለትምህርት መጥቶ የነበረ አንድ አሜሪካዊ ተማሪ አልበሙን ይዞ አገሩ ገባ፤ ሚኒያፖሊስ ላለ ሬዲዮ ጣቢያ «ይኼን አጫውቱልኝ» ብሎ ሰጠ። ጣቢያው አጫወተው፣ አድማጩ ድገሙት አለ፣ ከአንዱ ጣቢያ ሌላው ጣቢያ ቀዳው፤ በ1989 «ዘ ሉክ» የአሜሪካን ሰንጠረዥ በአንደኝነት ያዘ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዘፈኖቻቸው እዚያው ቦታ ደረሱ። ከሦስቱ አንዱ በ1987 ለገና የተሠራ ነበር። በኋላ ለአንድ የአሜሪካ ፊልም ሲፈለግ ከግጥሙ ገና የሚለውን አውጥተው ክረምት አስገቡበት፣ ዓለም አበደበት።

እኔ እንደሆንኩ በስዊድንኛ ብቻዋን የዘፈነቻቸው ይበልጡብኛል። የማበጥርላት አንዲት አሮጊት አለች፤ የልጆቿ ስም ይጠፋባታል፣ የማሪ ዘፈን ሲከፈት ግን ማበጠሪያውን በእጇ ገታ አድርጋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብራ ታንጎራጉራለች። ፀጉሯን የምጨርሰው ዘፈኑ ሲያልቅ ነው።

አሁን ወደመጣሁበት ልመለስ። በመስከረም 2002 ማሪ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀች። ሲመረመር ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ቀዶ ሕክምናው፣ ጨረሩ፣ መድኃኒቱ ተከታተለ። ዕጢው ለቀቃት፤ ነገር ግን የአንድ ዓይኗ ብርሃን ጠፋ፣ ቀኝ ጎኗ ከበዳት፣ ማንበብና መቁጠር ተሳናት። ስንት ሕዝብ ያንቀጠቀጠች ሴት ቁጥር መቁጠር አቃታት፣ ያስቡት። ከሰው ዓይን ሸሸች። ቤቷ ቁጭ ብላ በከሰል የሰው ፊት መሣል ጀመረች፣ ከባሏ ጋር ሆና በ2004 አንድ አልበም አወጣች። መድረክ ግን አበቃለት ብሎ ያልተናገረ ሰው አልነበረም።

በ2009 ፔር አምስተርዳም ላይ ሲጫወት ብድግ ብላ አጠገቡ ቆመች። ከዚያ ዓለምን ዞሩ። ድምጿ እንደ ድሮው ነበር ብዬ አልዋሽዎትም፤ የተቹም ነበሩ። በኋላ በኋላ እግሯ እምቢ ሲላት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር የምትዘፍነው። የዚያን ጊዜ የተቀረጸውን ደጋግሜ አይቻለሁ። ጥቁር ለብሳ፣ ማይኩን ጨብጣ፣ ትንሽ ጎንበስ ብላ ትጀምራለች። ከፍ ያለው ቦታ ሲመጣ ሕዝቡ ከአፏ ይቀበላታል፤ እሷ ፈገግ ብላ ታደምጣለች፣ ከዚያ እንደገና ትገባለች። የመጨረሻው ዝግጅታቸው በየካቲት 2016 ኬፕ ታውን ላይ ነበር፤ ከዚያ ሐኪሞች በቃሽ አሏት። በታኅሣሥ 2019፣ በ61 ዓመቷ፣ ከወደቀች ከ17 ዓመት በኋላ ዐረፈች።

እና አባባ፣ የእርስዎ ነገር ከዚህ ይቀላል። ክራር ድሮም ተቀምጠው ነው። ቀኝ እጅዎ ከከበደ፣ ያስተማሩት የወንድሜ ልጅ ምን ሊሠራ ነው? እሱ ይደርድር፣ እርስዎ ያንጎራጉሩ። ግጥሙ ይጠፋብኛል ላሉትማ መላውን ከአዝማሪ ቤት የሚያውቁት እርስዎ አይደሉም እንዴ? አጎቴን ከጎንዎ አስቀምጡት፤ «ተቀበል» ይበልና ስንኙን ይስጥዎ። እሱ እንደሁ ግጥም አልቆበት አያውቅም፤ የእሱ ችግር ማቆም ነው።

አምባሰሉን ይተዉት፣ ጉልበት ይፈልጋል። አንድ ትዝታ ትበቃለች። እህቴም ብትሆን ሌላ የለመነችው የለም። ለሰርጉ የተቀጠረው ዘፋኝ እስኪነጋ የሚያደነቁራችሁ ስለሆነ የእርስዎን ከእራት በፊት፣ ሰው ጆሮው ሳይደክም አድርጉት።

እኔ ከፋሲካ በኋላ ፈቃድ ወጥቶልኛል፣ ለሰርጉ እደርሳለሁ። የክራሩ ክር ላልቷል ወይስ ተበጥሷል? ልጁ አይቶ ይጻፍልኝ። ለእማዬ ደግሞ ሽሮው ላይ ጨው ቀነስ አድርጊ ብላለች ይበሉልኝ፤ የግፊቱንም መድኃኒት «ዛሬ ደህና ነኝ» እያሉ እንዳይዘሉት።

ጉልበትዎን እስማለሁ።
ልጅዎ