ጉዳዩ፦ ተጨፍልቆ የደረሰኝን እንጆሪና በስልክ የተሰጠኝን መልስ ይመለከታል

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

የትዕዛዜ ዝርዝር በመዝገባችሁ ስላለ ወደዚያ አልመለስም። በተደጋጋሚ ደውዬ «ነገ እናሳውቅዎታለን» ከመባል በቀር ያገኘሁት ነገር ስለሌለ፣ ቅሬታዬን በጽሑፍ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

የተገባልኝ ቃል እንጆሪው ዓርብ ጠዋት ቆቃ ላይ ተለቅሞ፣ በማቀዝቀዣ ሣጥን ተጭኖ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ቤቴ እንደሚደርስ ነበር። የደረሰው ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በተራ ካርቶን ነው። ካርቶኑን ከሾፌሩ ስቀበል ከሥሩ ቀይ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር፤ ስከፍተውም የላይኛው ረድፍ ብቻ ደህና ሆኖ፣ የታችኛው በላዩ በተጫነው ክብደት ላሽቆ፣ አንዳንዱም ነጭ ሻጋታ አውጥቶ አገኘሁት።

ወዲያውኑ ስደውል ያነጋገረኝ ሠራተኛችሁ ንግግሬን አቋርጦ፣ «እናቴ፣ ለአይስክሬም ነው አላሉም? ያው መፈጨቱ ላይቀር ምን አስጨነቀዎት?» አለኝ። መሻገቱን ስነግረውም «እሱን ለቅመው ይጣሉት» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ከእንጆሪው መበላሸት ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ መልስ ነው።

ፍራፍሬ የሚሸጥ ድርጅት እንጆሪ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውሃ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል። አይስክሬም በቤቱ የሚሠራ ሰው እንጆሪውን በስኳር አሽቶ፣ ጥቂት ሎሚ ጨምቆ በመለስተኛ እሳት የሚያንተከትከው፣ ውሃው ቀንሶ ክሬሙ ሲረጋ ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ በረዶ እንዳይሆንበት ነው። በሙቀት ተጨፍልቆ ውሎ መኮምጠጥ የጀመረ እንጆሪ ግን ሽታው ክሬሙ ውስጥ ይገባል፤ ስኳር ቢጨመርበትም አይሸፈንም። ከተለቀመ በኋላም እንደ ሙዝ ቆይቶ የሚበስል ፍሬ አይደለም። በዚህ ምክንያት አስቀድሜ ያዘጋጀሁት ክሬም ሥራ ላይ ሳይውል ቀርቶ፣ ለልጄ ልደት የመጡትን ሕፃናት ከሱቅ በተገዛ አይስክሬም ለማስተናገድ ተገድጃለሁ።

ጉዳዩ ከተነሣ ዘንድ፣ ቀደም ሲል የላካችሁልኝ እንጆሪ ከነሣጥኑ እንደተመዘነና ደረሰኙም ዛሬ ነገ እየተባለ እስካሁን እንዳልተሰጠኝ ላስታውሳችሁ እወዳለሁ።

ስለዚህ የእንጆሪው ዋጋ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። በተባለው ሰዓትና ሁኔታ ስላልደረሰ የማድረሻው ክፍያም አብሮ ሊመለስ ይገባል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማች በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት ስለሚሰጥ፣ የሠራተኛው የቅርብ ኃላፊ በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠይቀኝም እፈልጋለሁ። እስከ መጪው ዓርብ ምላሽ ካላገኘሁ፣ ካርቶኑን ያነሣሁበትን ፎቶግራፍ አያይዤ ለንግድ ቢሮ አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የድርጅቱ ደንበኛ